«ማን በደለ?» ከማለታችን በፊት፦ ድንገተኛ የሕፃናት ሞትና የአካባቢ ድህነት በቢቸናና በሞጣ

ማታ ጡት ጠብቶ የተኛ ሕፃን ሲነጋ ሞቶ ሲገኝ፣ በዚያ ቤት ላይ የሚወርደው ኀዘን ከሌላው ኀዘን የሚለይበት ነገር አለው። ይኸውም ክስን አስከትሎ መምጣቱ ነው። ታሞ፣ ጠበል ተጠምቆና ሐኪም አይቶት የሞተውን ሰው «ቀኑ ደረሰ» ብለን እንሸኘዋለን። ሳይታመምና ሳያለቅስ የሞተው ሕፃን ግን «ምን ሆኖ ሞተ?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄውም ሳይውል ሳያድር «ማን ምን አድርጎት?» ወደሚል ይለወጣል።

በእነማይ ወረዳ በቢቸና ዙሪያም ሆነ በሁለት እጁ እነሴ በሞጣ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት የተለመዱ መልሶች ሦስት ናቸው። አንደኛው «እናቱ ተኝታበት ነው» ይላል። ሁለተኛው «ቡዳ በልቶት ነው» ወይም «ሾተላይ አለባት» ይላል። ሦስተኛው «የኃጢአት ቅጣት ነው» ይላል። መልሶቹ ይለያዩ እንጂ ጣታቸውን የሚቀስሩት በሰው ላይ፣ ይልቁንም በእናቲቱ ላይ ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም ግን ቤቱን፣ መኝታውን፣ ጭሱን፣ ብርዱን፣ የመንገዱን ርቀትና የእናቲቱን ድካም አይመለከቱም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን የተረሳ ክፍል ለማሳየት ነው። አሳቡም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ሕፃናትን በድንገት ለሞት ከሚያጋልጡት ነገሮች ብዙዎቹ በአንዲት እናት ጥፋት የሚመጡ ሳይሆኑ በጎጆዋና በመንደሯ ድህነት የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ እናቲቱን መክሰስ የሚቀጥለውን ሕፃን አያድንም፤ ጎጆዋንና መንደሯን ማገዝ ግን ሊያድን ይችላል። ትምህርቱ በሰበካ ጉባኤ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በጽዋ ማኅበር በጋራ ለመወያየት እንዲያገለግል ተዘጋጅቷል።

፩. በሰሎሞን ፊት የቆሙት ሁለቱ እናቶች

በሌሊት ስለሞተ ሕፃን የሚናገረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር፤ በሦስት ቀን ልዩነት ሁለቱም ወለዱ። ከእነርሱ የአንዲቱ ልጅ እናቱ ስለ ተኛችበት በሌሊት ሞተ፤ እርስዋም የሞተውን በሕያው ለወጠች። እኛ ይህንን ታሪክ የምናነሣው ብዙውን ጊዜ የንጉሡን ጥበብ ለማድነቅ ነው። ሆኖም በታሪኩ ውስጥ ልብ ሳንላቸው የምናልፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የሴቶቹ አኗኗር ነው። በዚያ ቤት ከሁለቱ አራሶች በቀር ሌላ ሰው እንዳልነበረ መጽሐፉ ይነግረናል። ባል የላቸውም፤ የምታርሳቸው እናት ወይም እኅት አልነበረቻቸውም፤ አንዲቱ ስትደክም ሌላዪቱ ልትነቃላት አልቻለችም፤ እርስዋም አራስ ነበረችና። ሁለተኛው ነገር የፍርዱ ይዘት ነው። ንጉሡ የፈረደው ሕያው ሕፃን ለማን እንደሚገባ ነው። በሌሊት ስለሞተው ሕፃን በእናቱ ላይ የተናገረው ቅጣት በመጽሐፉ ውስጥ አልተጻፈም። ጥበበኛው ንጉሥ በዝምታ ባለፈው ነገር ላይ እኛ ለመፍረድ ለምን እንቸኩላለን?

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታን ጠየቁት። ጌታ ሁለቱንም መልሶች አልተቀበለም። በደለኛውን ከመፈለግ ይልቅ ሥራውን ሠራ፤ ሰውየውንም ፈወሰው። ለእኛም የቀረው አርአያ ይህ ነው።

፪. የሕክምና ዕውቀት ምን ይላል?

ጤናማ መስሎ የተኛ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በእንቅልፉ ሲሞት፣ አስከሬኑ ተመርምሮ፣ የሞተበት ስፍራ ታይቶ፣ የሕመም ታሪኩም ተጠይቆ ምክንያቱ ካልተገኘ ሐኪሞች ይህንን «ድንገተኛ የሕፃናት ሞት» ብለው ይጠሩታል። ስያሜው የተሰጠው በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ነው። እንዲህ ያለው ሞት በብዛት የሚደርሰው በሁለትና በአራት ወር ዕድሜ መካከል ነው።

ሐኪሞች ለዚህ ሞት ሦስት ነገሮች እንደሚገጣጠሙ ያስረዳሉ። አንደኛው የሕፃኑ ደካማነት ነው፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን አየር ሲያጥረው ነቅቶ ራሱን የማዞርና የማልቀስ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ሁለተኛው ዕድሜው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት መተንፈስን የሚቈጣጠረው የአንጎል ክፍል ገና በመብሰል ላይ ነው። ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣ ጫና ነው፤ በሆድ መተኛት፣ ፊትን የሚሸፍን ልብስ፣ ለስላሳና ስምጥ መኝታ፣ ከልክ ያለፈ ሙቀትና ጭስ ይህን ይመስላሉ። በሆዱ ተኝቶ ፊቱ በለስላሳ ነገር የተቀበረ ሕፃን የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል፤ አየሩም እየተበላሸበት ይሄዳል። ጠንካራው ሕፃን ይነቃል፤ ደካማው ላይነቃ ይችላል።

ከዚህ ዕውቀት ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ ማወቅ ይጠቅመናል። በአውሮፓና በአሜሪካ ሐኪሞች ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ሕፃናት በሆዳቸው እንዲተኙ ይመክሩ ነበር። እናቶች ምክሩን ሰሙ፤ ልጆቻቸውም ሲሞቱ ብዙዎቹ በጥርጣሬ ዓይን ታዩ። በኋላ ጥናቶች በሆድ ማስተኛት አደጋውን እንደሚጨምር አሳዩ። በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በኒውዚላንድ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ «ሕፃናትን በጀርባቸው አስተኙ» የሚል ሰፊ ትምህርት ተሰጠ። በእንግሊዝ አገር ሞቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የዳኑት ሕፃናት የዳኑት እናቶቻቸው ከቀድሞዎቹ ይልቅ ልጆቻቸውን ስለወደዱ አይደለም፤ ትክክለኛው ምክር ስለደረሳቸው ነው።

ይሁን እንጂ ምክሩ ለሁሉም እኩል አልጠቀመም። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ዙሪያ ለ20 ዓመታት የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ልጆቻቸው በድንገት ከሞቱባቸው ቤተሰቦች መካከል በድህነት የሚኖሩት ድርሻ ከ100 እጅ 47 የነበረው ወደ 74 ከፍ ብሏል። ሞቱ በጠቅላላው ቀንሷል፤ የቀረው ግን በድሆች ሰፈር ተከማችቷል። ምክር ብቻውን መኝታውንና ቤቱን አይለውጥምና።

፫. «ድንገተኛ» የምንለው ሁሉ ድንገተኛ ነውን?

በእኛ አገር ገጠር በሌሊት የሞተ ሕፃን አስከሬን አይመረመርም። ስለዚህ በአንድ ስም የምንጠራው ሞት ውስጥ ብዙ ዓይነት ሞቶች ተደባልቀው ይገኛሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ምክንያታቸው የሚታወቅ፣ መከላከያም ያላቸው ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. (2016 እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እንደሚያስረዳው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 48ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህም 29ኙ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነበር። በዚሁ ዳሰሳ በአማራ ክልል በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ከ1,000 ሕፃናት 47 ነበሩ። በዚህ ወር ለሚደርሰው ሞት ዋነኞቹ ምክንያቶች ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽን ናቸው።

የጨቅላ ሕፃን ሕመም እንደ ትልቅ ሰው ሕመም ራሱን አይገልጥም። ኢንፌክሽን የገባበት ሕፃን ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል። አያለቅስም፤ ዝም ይላል። ጡት መጥባቱን ሲያቆም «ጠግቦ ነው» ይባላል፤ ሲያንቀላፋ «ሰላማዊ ልጅ ነው» ይባላል፤ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ውስጥም ያልፋል። እንዲህ ያለው ሞት ለቤተሰቡ ድንገተኛ ነው፤ በእውነቱ ግን ምልክቱ ነበረ፤ የሚያውቀው ሰው አልነበረም እንጂ።

«ሾተላይ» ተብሎ ከሚጠራውም ከፊሉ እንዲሁ ነው። የእናቲቱና የፅንሱ የደም ዓይነት በማይጣጣምበት ጊዜ ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ የሚመጡት በተከታታይ ሊሞቱ ይችላሉ። ይህ በደም ምርመራ የሚታወቅና በጊዜው በሚሰጥ መርፌ የሚከላከሉት ነገር ነው። እናቲቱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ «ልጅ የማይበረክትላት» ተብላ ስትሸማቀቅ ትኖራለች።

፬. ድህነት ወደ መኝታው የሚገባባቸው አራት በሮች

የመጀመሪያው በር የእናቲቱ ማዕድና ድካም ነው። በእርግዝናዋ ያልጠገበች፣ እስከ መውለጃዋ ቀን ውኃ የምትቀዳና እንጨት የምትሸከም፣ ወይም ሰውነቷ ሳይጠነክር በልጅነቷ የተዳረች እናት ከሲታ ሕፃን ልትወልድ ትችላለች። ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች የሚመዝን ሕፃን ለብርድ፣ ለኢንፌክሽንና ለድንገተኛ ሞት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ነገር ግን በ2008ቱ ዳሰሳ መሠረት በተወለዱ ጊዜ የተመዘኑት ከ100 ሕፃናት 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያልተመዘነ ሕፃን ደካማነቱ አይታወቅም፤ የተለየ እንክብካቤም አያገኝም።

ሁለተኛው በር ብርድና መኝታ ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው የሚገኙ ደጋማ ከተሞች ናቸው፤ የጮቄ ነፋስ በሌሊት እስከ አጥንት ይዘልቃል። አንድ መደብና አንድ ጋቢ ብቻ ያለው ቤተሰብ ሕፃኑን በመካከል አድርጎ፣ ጋቢውን እስከ ራሱ ሸፍኖ ቢያድር ብርዱን ፈርቶ ነው። ለስላሳው አጎዛም ከሥሩ ቢነጠፍለት በፍቅር ነው። ሀብታም የሆነ ሰው ለሕፃኑ የብቻ አልጋ ይገዛለታል፤ ድሀው ያለውን ይሰጠዋል። «ተኝታበት ነው» የምንላት እናት ቀኑን ሙሉ ስትደክም ውላ፣ ለመላው ቤተሰብ በሚበቃ አንድ መኝታ ላይ ያንቀላፋች እናት መሆኗን አንርሳ።

ሦስተኛው በር ጭስ ነው። በአገራችን ከ100 ቤተሰቦች ከ90 የሚበልጡት በእንጨት፣ በከሰል ወይም በኩበት ያበስላሉ። በሀብታሞቹ አገሮች በሕፃን ሞት ስሙ የሚነሣው የትምባሆ ጭስ ነው፤ በጎጃም ገጠር እናቶች ዘንድ ትምባሆ ማጨስ የተለመደ አይደለም። የምድጃው ጭስ ግን መስኮት በሌለበት ጎጆ ውስጥ ይከማቻል፤ የሕፃናትን ሳንባ ለምች ያጋልጣል፤ ነፍሰ ጡሯ ስትተነፍሰውም የፅንሱን ክብደት ይቀንሳል። ከሁሉ የከፋው ብርድን ለመከላከል ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ማደር ነው፤ ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዛም አየር እናትንም ሕፃንንም ሳያነቃ ሊገድል ይችላልና።

አራተኛው በር ርቀት ነው። በቢቸናም በሞጣም ሆስፒታል አለ። ነገር ግን ከቆላው ወይም ከተራራው ጥግ ለሚመጣ ሰው ሆስፒታሉ የሚርቀው በመንገድ ብቻ አይደለም፤ በክረምት ጭቃ፣ በወንዝ ሙላት፣ በትራንስፖርት ገንዘብና በጸጥታ ችግርም ይርቃል። እዚህ ላይ የቤት ድህነትና የአካባቢ ድህነት ይለያያሉ። ጎረቤቶቹ የተሻሉ ለሆኑለት ድሀ የሚበደረው ገንዘብና የሚጫንለት በቅሎ አይጠፋም። ሁሉም ድሀ በሆነበት መንደር ግን የአንዱ ችግር የሁሉም ችግር ስለሆነ የሚያበድር የለም። ስለዚህ መፍትሔውም በአንድ ቤት ብቻ ሊገኝ አይችልም።

ያም ሆኖ በሩ የማይዘጋ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. (2000 እ.ኤ.አ.) ከ100 እናቶች በጤና ተቋም የሚወልዱት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. (2019 እ.ኤ.አ.) ደግሞ 48 ደርሰዋል። አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናትም በ1992 ዓ.ም. ከ1,000 ሕፃናት 97 የነበሩት በ2008 ዓ.ም. ወደ 48 ወርደዋል። በዚህ መካከል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል፤ የእናቶች ማቆያ ክፍሎች ተከፍተዋል፤ ቃሬዛ ተሸክመው ወላድን ያደረሱ ጎረቤቶችም የማይናቅ ድርሻ አላቸው።

፭. ስለ 40ና ስለ 80 ቀን

ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ክርስትና መነሣታቸው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 እና አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ስለ ገቡበት ቀን በሚናገረው በመጽሐፈ ኩፋሌ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ነው። ነገር ግን በብዙ መንደሮች ይህ ሥርዓት «ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አይወጣም» ወደሚል ልማድ ተለውጧል። ሕፃናት በብዛት የሚሞቱት ደግሞ በዚሁ በመጀመሪያው ወር ነው። ስለዚህ ለሕፃኑ ሕክምና እጅግ በሚያስፈልገው ጊዜ በሩ ይዘጋበታል።

ሥርዓቱ የሚናገረው ስለ ቤተ መቅደስ መግባትና ስለ ጥምቀት ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን አይከለክልም። እንዲያውም ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ካጋጠመው ቀኑ ሳይደርስ እንዲጠመቅ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። ለነፍሱ መዳን ሲባል ቀኑ የሚቀደም ከሆነ፣ ለሥጋው መዳን ሲባል ከቤት መውጣቱ እንዴት ነውር ይሆናል? ይህንን በግልጽ ማስተማር የሚችሉት ካህናት አባቶቻችን ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ከእነርሱ ቃል የሚበልጥ ተሰሚነት ያለው ማንም የለም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በጾም ራሷን እንዳትጎዳም እንዲሁ የእነርሱ ቃል ያስፈልጋታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች ተካሂዶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ሕፃናት በጥቂት ሰዎች ብቻ እንደሚቀበሩና እንደማይለቀስላቸው ገልጧል። ለቅሶ ያልተደረሰለት ሕፃን አይቈጠርም፤ ያልተቈጠረ ሞትም መከላከያ አይፈለግለትም። እናቲቱም ኀዘኗን ብቻዋን ትውጣለች።

፮. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከነፍስ አባቶች። ልጇ በሌሊት የሞተባት የንስሐ ልጅ ስትመጣ ከቀኖና በፊት መጽናናት ይቅደም። ሆን ተብሎ የተሠራ በደልና ድካም ያስከተለው አደጋ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። በዚያው ሳምንት የሚነገራት ቃል ቀሪ ሕይወቷን ይወስናል፤ «ገዳይ» የተባለች እናት ቀጣዩን ልጇን ሲያማት ወይም ሲያመው ፍርድን ፈርታ ትደብቃለች፤ የተጽናናችው ግን ምክር ትጠይቃለች። በጎረቤት ላይ የሚነሣው የቡዳ ሐሜትም ሌላ ቤት እንዳያፈርስ መገሠጽ ይገባል።

ከሰበካ ጉባኤ። በአጥቢያው የተወለዱትንና በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱትን ሕፃናት፣ ክርስትና ያልተነሡትንም ጨምሮ፣ በመዝገብ መያዝ ይቻላል። መዝገቡ ለክስ ሳይሆን ለጥንቃቄ ይዋል። ከጤና ኬላው ባለሙያ ጋር በየሦስት ወሩ ቢታይ ሞቱ በየትኛው ጎጥ፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዕድሜ እንደሚበዛ ያሳያል።

ከእድርና ከጽዋ ማኅበር። እድር ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ይህ መልካም ነው። ከመዋጮው ጥቂት እጅ ለወላድ መጓጓዣ ቢቀመጥ ግን ድንኳን የማይተከልበት ቀን ሊበዛ ይችላል። የጽዋ ማኅበር እኅቶች ለምስኪኗ አራስ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃ ቢቀዱላት፣ እንጨት ቢለቅሙላት፣ አንድ ሌሊት እንኳ ነቅተው ቢያድሩላት፣ በሰሎሞን ታሪክ የጠፋችውን ሦስተኛዋን ሴት ሆኑላት ማለት ነው።

ከስፌት ባለሙያ እናቶች። በኒውዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ ከወላጆች ጋር የመተኛት ባህሉን ሳይተው ሕፃናቱን ለመጠበቅ፣ በአገሩ ቃጫ የተሰፋ ጠፍጣፋ የሕፃን መኝታ ይጠቀማል፤ ስሙም ዋሃኩራ ይባላል። ሕፃኑ በወላጆቹ አጠገብ፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ ይተኛል። የጎጃም እናቶች ከአክርማና ከስንደዶ መሶብና ሰፌድ የሚሰፉ ናቸው። እንዲህ ያለውን ጠንካራና ጠፍጣፋ መኝታ ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክረው ቢሰፉ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ስጦታ ለአራስ ቤት ይበረከታል።

፯. በየቤቱ የሚነገሩ ምክሮች

ሕፃኑ እንደ ተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይጥባ፤ እንገሩ አይደፋ፤ ቅቤ ወይም ሌላ ነገር አይቅመስ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ጡት ማጥባት ከድንገተኛ ሞትም ይከላከላል።

እስከ 24 ሰዓት ድረስ ገላው አይታጠብ፤ ይደረቅ፣ ራሱ ይሸፈን፣ ከእናቱ ገላ ጋር ይገናኝ። ክብደቱ ያነሰ ከሆነ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማቀፍን ባለሙያ ያሳያት። ይህ ዘዴ በኮሎምቢያ ቦጎታ ከተማ ማሞቂያ መሣሪያ ባጠረበት ሆስፒታል በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ተጠንቶ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት እንደሚያተርፍ ታይቷል።

ሲተኛ ሁልጊዜ በጀርባው ይሁን፤ ፊቱ አይሸፈን፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራና ጠፍጣፋ ይሁን። በእናቱ እጅ ርቀት እንጂ በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል አይተኛ። ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው ከሕፃን ጋር በአንድ መኝታ አይደር። ምድጃው ከመኝታው ይራቅ፤ ከሰል በተዘጋ ቤት አይደር።

ጡት መጥባት ካቆመ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ገላው ከቀዘቀዘ ወይም ከተኰሰ፣ መዳፉና የውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ እትብቱ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ጸሎቱና ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አይደረግ።

፰. የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ባለፈው አንድ ዓመት ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ሕፃናት አሉን? ስንቶቹን እናውቃለን?

2. ልጇ በሌሊት የሞተባት እናት በመንደራችን ምን ተባለች? በነጋታው ማን ጠየቃት?

3. ከአራቱ በሮች በእኛ ጎጥ ሰፊው የትኛው ነው? ያለ ውጭ እርዳታ መዝጋት የምንችለውስ የትኛውን ነው?

4. እድራችን ከመዋጮው ለወላድ መጓጓዣ ምን ያህል ሊመድብ ይችላል? ቃሬዛውን በሌሊት የሚሸከሙት እነማን ናቸው?

5. በመጪዎቹ ሦስት ወራት የሚወልዱ ምስኪን እናቶች እነማን ናቸው? ለእያንዳንዳቸው ነቅታ የምታድር እኅት ተመድባለችን?

የመጨረሻውን ጥያቄ በስም ሳትመልሱ ከጉባኤው እንዳትነሡ አደራ እንላለን። የእናቶችን ማኅፀን የባረከ አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።